የናፍጣ ኤፒዩ ወይስ ባትሪና ሂተር? ትራክ ለምትገዙ

«ኤፒዩ ያለው ትራክ አግኝቻለሁ፤ ለሱ 5 ሺህ ዶላር ጨምር አሉኝ። ልጨምር?» ይህ ስልክ በየወሩ ይደወልልኛል። ኤፒዩ ማለት ትልቁን ሞተር አጥፍታችሁ ስትተኙ ኤሲ፣ ሙቀትና ኤሌክትሪክ የሚሰጥ፣ ትራኩ ላይ ለብቻው የሚገጠም ትንሽ ሞተር ነው። አንዱ ከዳላስ፣ አንዱ ከዴንቨር፣ ሌላው ከሲያትል። ሁሉም የመጀመሪያ ትራካቸውን የሚገዙ የኛ ልጆች ናቸው። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሰዓት ከማወራ አንዴ ልጻፈው።

አትጨምሩ። እኔ ጨምሬ አይቼዋለሁ። ምርጫዬ በባትሪ የሚሠራ ኤሲና ኦሪጅናል የናፍጣ ሂተር ነው። የናፍጣ ኤፒዩ የሚያዋጣው ሹፌር አለ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። አብዛኞቻችን ግን እሱ አይደለንም።

መጀመሪያ ናፍጣውን እናስላ። ትልቁን ሞተር አይድል እያደረጋችሁ (ቆማችሁ ሳታጠፉት) ከተኛችሁ በሰዓት 0.8 ጋሎን ገደማ ይጠጣል። የ10 ሰዓቱ ዕረፍት 8 ጋሎን ፈጀ ማለት ነው። ናፍጣ በ4 ዶላር ቢሆን በሌሊት 32 ዶላር። በዚያ ላይ አይድል ሲሆን የጭሱ ሙቀት ዝቅተኛ ስለሆነ ዲፒኤፉ (የጭሱ ማጣሪያ) ራሱን ማጽዳት ያቅተውና በጥቀርሻ ይደፈናል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ የክሊን አይድል ስቲከር (አይድል ሲሆን ጭሱ አነስተኛ መሆኑን የሚያሳይ) የሌለው ትራክ ከ5 ደቂቃ በላይ አይድል ማድረግ አይችልም፤ ቅጣቱ ከ300 ዶላር ይጀምራል። ስለዚህ አይድልን ከምርጫ አውጡት።

የናፍጣ ኤፒዩ በሰዓት ሩብ ጋሎን ገደማ ይበላል፤ በሌሊት 10 ዶላር። ሂተር ብቻውን ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ አንድ ጋሎን አይሞላም። ባትሪ ኤሲ ቀን ስትነዱ በዲናሞው ይሞላል፤ ማታ ናፍጣ አይነካም።

ሻጮች ሂሳቡን እዚህ ላይ ያቆሙታል። የኔ ሂሳብ ግን ከዚህ በኋላ ነው የጀመረው።

የገዛሁት ትራክ ላይ የነበረው ኤፒዩ ከ9 ሺህ ሰዓት በላይ ሠርቷል። ስሙን አልጠራም። መጀመሪያ ዲናሞው ሄደ፤ 850 ዶላር። ሰመር ሲገባ ኮምፕሬሰሩ ተከተለ፤ ከነጋዙ 1,900። ቀጥሎ እየተነሣ ይጠፋ ጀመር። ሽቦውን የመንገድ ጨው በልቶት ኖሮ መካኒኩ የተበላውን ቦታ ፈልጎ እስኪያገኝ ስድስት ሰዓት ፈጀበት፤ በሰዓት 150 ዶላር፣ 900 ከፈልኩ። የውሃ ፖምፓው 650። በ14 ወር 4,300 ዶላር። በእነዚያ ወራት አይድል ባለማድረጌ የቆጠብኩትን ናፍጣ ደምሬ አየሁት፤ ጥገናውን ብቻ ነው የሸፈነው። የጨመርኩት 5 ሺህ ዶላር እንደወጣ ቀረ። የቆምኩበት ቀንና ያመለጠኝ ሎድ (ጭነት) ሂሳቡ ውስጥ የለም። ተራ የትራክ ጋራዥ ኤፒዩ አልነካም ይላችኋል፤ የኤፒዩው ድርጅት ወኪል ጋር ደግሞ ወረፋ ነው።

በመጨረሻ የኤፒዩው ሞተር ላራሚ፣ ዋዮሚንግ ላይ ቆመ። ጥር ነበር። አውራ ጎዳናው አይ-80 በነፋስና በበረዶ ተዘግቶ ትራክ ስቶፑ ጢም ብሏል። የኤፒዩውን ቁልፍ ስጫን ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም። ከዚያ ሂተሩን ለብቻው አበራሁት። ከታች የናፍጣ ፖምፓው ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ ማለት ጀመረ። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ እግሬ ሥር ሙቀት መጣ። መንገዱ እስኪከፈት በየስድስት ሰዓቱ ትልቁን ሞተር ለባትሪው ስል አስነሣ ነበር እንጂ ያሞቀኝ ያ ትንሽ ሂተር ነው። ብዙ የናፍጣ ኤፒዩዎች ውስጥ ብርዱን የሚያስታግሰው ለብቻው የሚሠራ ሂተር ነው፤ ሞተሩ የሚነሣው ለኤሲና ለባትሪ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው። ከዚያ ሁሉ ውድ ዕቃ ውስጥ ያልከዳኝ ለብቻው ቢገዛ 1,200 ዶላር የማይሞላው ክፍል ነበር።

ስመለስ ሞተሩን ለማደስ 5,500 ጠየቁኝ። አስነቅዬ ለመለዋወጫ በ600 ሸጥኩት።

አሁን አዲሱን ዋጋ አስተያዩ። አዲስ የናፍጣ ኤፒዩ ከነማስገጠሚያው ከ11 እስከ 14 ሺህ ዶላር ነው። ባትሪ ኤሲ ከአራት ኤጂኤም (የታሸገ፣ ውሃ የማይጨመርበት) ባትሪ ጋር ከ6 እስከ 8 ሺህ፣ ዌባስቶ ወይም ኤስፓር ሂተር ከነማስገጠሚያው 2 ሺህ ገደማ። ልዩነቱ ሲገዛ ብዙ ላይመስል ይችላል። የሚሰፋው በኋላ ነው። የናፍጣ ኤፒዩው ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ ይፈልጋል፤ በዓመት 200 ሌሊት ብትተኙበት 2 ሺህ ሰዓት የሠራ ሁለተኛ ሞተር አላችሁ ማለት ነው። ባትሪው በየሦስት ዓመቱ ገደማ 1,200 ዶላር ያስወጣል፤ አራቱንም በአንድ ጊዜ ለውጡ። አንድ አዲስ ከሦስት አሮጌ ጋር ካገናኛችሁ አሮጌዎቹ አዲሱን ይገድሉታል።

ሂተሩን በርካሽ ልግዛ የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉት። ኦንላይን ከ100 እስከ 200 ዶላር የሚሸጡት ኮፒዎች በፎቶ ከኦሪጅናሉ አይለዩም። አንድ ጓደኛዬ በ140 ዶላር ገዝቶ ራሱ ገጠመው። ነብራስካ ላይ ሌሊት በ9 ሰዓት የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙ ቀሰቀሰው። የጭስ ማውጫው ማሰሪያ ላልቶ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። አላርሙን የገዛችለት ሚስቱ ናት፤ 25 ዶላር። ይህ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። የየትኛውም ድርጅት ሂተር ቢኖራችሁ አላርሙን ዛሬ ግዙ።

መለዋወጫውም ላይ ኮፒ አለ። ለኦሪጅናሉ ሂተሬ የ18 ዶላር ካንዴላ ገዝቼ ሦስት ሳምንት ብቻ ሠራች። ሳወጣት ጫፏ ቀልጧል፤ በዙሪያዋ ያለችው የጥፍር ያህል ወንፊት በጥቀርሻ ተደፍና ብርሃን አታሳልፍም። የ90 ዶላሯ እስካሁን አለች።

የባትሪ ኤሲን ድክመት አልደብቅም። ማታ ከሆነ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይሠራል። ሐምሌ ላይ ፊኒክስ ውስጥ ቀን የምትተኙ ከሆነ ግን 6 ሰዓት ላይሞላ ይችላል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ራሱ ይዘጋል። መጋረጃውን መዝጋትና ካቢኑን ገና ስትነዱ ማቀዝቀዝ ብዙ ያግዛል። ሊቲየም ባትሪ ይረዝማል፤ ግን ውድ ነው፣ ማሞቂያ ከሌለው ደግሞ ከዜሮ ሴልሺየስ በታች አይሞላም።

እና የናፍጣ ኤፒዩ የሚያዋጣው ማንን ነው? የ34 ሰዓት ሪሴቱን (የሳምንቱን የሥራ ሰዓት እንደገና የሚያስጀምረውን ዕረፍት) በሰመር ላሬዶ፣ ቴክሳስ ላይ የሚያሳልፍ፣ ቀን ቀን የሚተኛ፣ ወይም ቀናት ሙሉ ቆሞ ሎድ የሚጠብቅ። እሱ አዲስ ይግዛ፣ ዋራንቲ ያለው። ካሊፎርኒያ የሚገባ ከሆነ ደግሞ የ2007 እና ከዚያ ወዲህ ሞተር ባለው ትራክ ላይ ኤፒዩው የራሱ ዲፒኤፍ ሊኖረው ወይም ጭሱ በትራኩ ዲፒኤፍ ሊያልፍ ግድ ነው። ይህን ሳይጠይቅ እንዳይከፍል።

የምትገዙት አሮጌ ትራክ ላይ ኤፒዩ ካለ ዋጋውን ዜሮ አድርጋችሁ ተደራደሩ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት እንዳይጠብቃችሁ ሳትነግሩት በጠዋት ሂዱ። ኤሲውን ከፍታችሁ 45 ደቂቃ አሠሩት። የሰዓት ቆጣሪውን አንብቡ። ከሳጥኑ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ዘይትና የተበላ ሽቦ ፈልጉ።

ሂተሩን ደግሞ በሰመርም ቢሆን በወር አንድ ጊዜ ለ20 ደቂቃ በከፍተኛ አስነሡት፤ ጥቀርሻው ይቃጠላል። መስከረም ላይ ስታበሩት ነጭ ጭስ እያወጣ አልነሣም ካለ በረዶ ሳይጥል ውሰዱት።