ዊንዶውስ 7 ላይ ፍላሽ መሰካትና መንቀል፦ አቀባበሉ ጥሩ፣ አሸኛኘቱ ደካማ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በብዙ ፎቶ ኮፒ ቤትና ቢሮ ግን ማሽኑ ዛሬም በዚሁ ሲስተም ይሠራል፤ የብዙ ሰው ፍላሽ ሲሰካና ሲነቀል የሚውለውም እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ የምንገመግመው ሲስተሙን በጠቅላላው ሳይሆን አንድ ሥራውን ብቻ ነው፦ ፍላሽ ሲሰካበት እንዴት ይቀበላል፣ ሲነቀልበትስ ያስተማምናል ወይ? ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ፍላሽ ሲቀበል ጎበዝ ነው። ሲነቀል ደግሞ ጥንቃቄው በቂ ሆኖ ሳለ፣ እምቢ ያለ ጊዜ ለምን እምቢ እንዳለ አይናገርም። ሰው ተስፋ ቆርጦ ፍላሹን መንጭቆ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ ፍላሽ ሲሰካ ከታች በቀኝ ጥግ ድራይቨር (ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) እየጫነ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንዶች ያልቃል። ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ቦታ ግን ድራይቨሩን ከዊንዶውስ አፕዴት ልፈልግ ብሎ ይንቀረፈፋል። ያን ጊዜ መልእክቱን ተጭኖ በሚከፈተው መስኮት ላይ «ስኪፕ» ብሎ የሚጀምረውን ሰማያዊ ጽሑፍ መምረጥ ይበቃል። ለፍላሽ የሚያስፈልገው ድራይቨር ከሲስተሙ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ያው ፍላሽ ፖርት በቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ከጫነም ብልሽት አይደለም፤ የራሱ ሴሪያል ቁጥር የሌለውን ፍላሽ ሲስተሙ የሚለየው በተሰካበት ፖርት ነው።

የፖርት ምርጫ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ዊንዶውስ 7 የዩኤስቢ 3.0 ድራይቨር ከራሱ ጋር ይዞ አይመጣም፤ የቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) አምራች ድራይቨር ካልተጫነ ሰማያዊው የ3.0 ፖርት ፍላሹን ላያየው ይችላል። ወደ ጥቁሩ የ2.0 ፖርት ቢያዞሩት ይሠራል፣ ፍጥነቱ ብቻ ወደ 2.0 ይወርዳል። ሁለተኛው፣ ዴስክቶፕ ላይ የፊት ለፊቱ ፖርት ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው በቀጭን ኬብል ነው፤ ብዙ የተሰካበት ደግሞ ይላላል። ኮፒ እየተደረገ በመሃል የሚጠፋ ፍላሽ ካለ ከመወንጀሉ በፊት ከኋላ ይሰካ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክማ ሁልጊዜ ከኋላ ነው፤ የ2.0 ፖርት የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ስለሆነ የኃይል እጥረቱ ቶሎ የሚታየው በእሱ ላይ ነው።

በቫይረስ በኩል ዊንዶውስ 7 ከቀድሞው ዊንዶውስ ኤክስፒ በግልጽ ይሻላል። ፍላሽ ላይ የተቀመጠ የአውቶራን ፋይል በራሱ ተነስቶ ፕሮግራም እንዲያስጀምር አይፈቅድም። ይህ ግን በሰው እጅ የሚከፈተውን አያግድም። ፎልደሮቹ ሁሉ በአዶዋቸው ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ካወጡ፣ ዓይነታቸው «ሾርትከት» ከሆነና መጠናቸው 1 ወይም 2 ኪሎባይት ከሆነ አይክፈቷቸው። ከ«ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ቪው» ገብተው የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት ያንሱ። እውነተኛው ፎልደር ደብዘዝ ብሎ እዚያው ይገኛል። እሱን ወደ ንጹሕ ቦታ ኮፒ አድርጎ ሾርትከቶቹን ማጥፋት ነው። ፍላሹ እንዲህ ሆኖ ሲገኝ ወዲያው ፎርማት የሚያደርግ ሰው ያልጠፋ ዳታ ያጠፋል።

ወደ መንቀሉ እንምጣ። በ«ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ «ዲስክ ድራይቭስ» የሚለውን ዘርግተው የፍላሹን «ፕሮፐርቲስ» ሲከፍቱ «ፖሊሲስ» የሚል ገጽ አለ። ምርጫው ሁለት ነው፦ «ክዊክ ሪሙቫል» እና «ቤተር ፐርፎርማንስ»። ሲስተሙ ከመነሻው የሚመርጠው የመጀመሪያውን ነው፣ ትክክልም ነው። በዚህ ምርጫ ዳታው ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ሳይጠራቀም በቀጥታ ወደ ፍላሹ ይጻፋል። በሁለተኛው ግን የኮፒው መስኮት ተዘግቶም የመጨረሻው ክፍል ገና ራም ላይ ሊሆን ይችላል። መብራት ድንገት በሚጠፋበት ቦታ ይህንን ምርጫ ለፍጥነት ብሎ መቀየር ፈጽሞ አንመክርም። ኤክስፒ ላይ ፍላሽ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ዓይነት ፎርማት ለማድረግ የግድ መቀየር ነበረበት፤ በዚያ ማሽን ላይ አንዴ ተቀይሮ የተረሳ ካለ ይመልሱት።

«ክዊክ ሪሙቫል» እያለ በደንቡ መንቀል ለምን ያስፈልጋል? ብዙ ፍላሽ ፎርማቱ ፋት32 ነው፤ ፋት32 ደግሞ የጀመረውን ጽሕፈት የሚመዘግብበት ጆርናል የለውም። አንድ ፋይል ሲጻፍ የፋይሉ ይዘት፣ የትኛው ክፍል የማን እንደሆነ የሚያሳየው ሰንጠረዥና የፎልደሩ ዝርዝር ለየብቻ ይጻፋሉ። በመሃል ከተነቀለ አንዱ ተጽፎ ሌላው ይቀራል። ስሙ የሚታይ ግን መጠኑ 0 የሆነ ፋይል የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በሚቀጥለው ሲሰካ ሲስተሙ «ስካን ኤንድ ፊክስ» ላድርግ ብሎ ይጠይቃል። ፍላሹ ላይ ሌላ ቦታ ያልተቀመጠ ሥራ፣ ለምሳሌ የደንበኛ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ካለ ይህን ወዲያው አይጫኑ። ሳይጠገን እንዲቀጥል መርጠው የሚከፈተውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ ያድርጉ፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ነው። ጥገናው ባለቤት ያጣለትን ቁርጥራጭ «ፋውንድ 000» በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ የመጀመሪያው የፋይል ስም ግን አይመለስም።

አሁን ወደ ትልቁ ቅሬታችን። የ«ሴፍሊ ሪሙቭ ሃርድዌር» አዶ ተጭነው ፍላሹን ሲመርጡ «ዕቃው በሥራ ላይ ነው፣ የሚጠቀሙበትን ፕሮግራሞች ዝጋ» የሚል መልእክት ይመጣል። የትኛውን ፕሮግራም? አይልም። የሚያናድደው ሲስተሙ መልሱን ማወቁ ነው፤ የሚጽፈው ግን ማንም በማያይበት ቦታ ነው። «ኢቨንት ቪውወር» ከፍተው «ዊንዶውስ ሎግስ» ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ይዩ። ምንጩ «ከርነል ፒኤንፒ»፣ ቁጥሩ 225 የሆነ መስመር ላይ ፍላሹን አላስነቅልም ያለው ፕሮግራም ከነሙሉ አድራሻው ተጽፏል። ይህ ስም በዚያው መልእክት ላይ ቢወጣ ኖሮ ስንት ፍላሽ በተረፈ!

ፈጣኑ መንገድ «ሪሶርስ ሞኒተር» ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭነው «ታስክ ማኔጀር» ይክፈቱ፣ «ፐርፎርማንስ» ገጽ ላይ ከታች በኩል ያለውን ቁልፍ ይጫኑ። «ሲፒዩ» ገጽ ውስጥ «አሶሺየትድ ሃንድልስ» ከሚለው ጎን ባለው መፈለጊያ የፍላሹን የድራይቭ ፊደልና ሁለት ነጥቧን (ለምሳሌ E:) ይጻፉ፤ የያዘው ፕሮግራም ከነፋይሉ ይዘረዘራል። ዘወትር የሚገኙት እነዚሁ ናቸው፦ ከፍላሹ ላይ በቀጥታ የተከፈተ የዎርድ ሰነድ፣ ፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ ስካን እያደረገ ያለ አንቲቫይረስ፣ ወይም ፍላሹ ውስጥ ቆሞ የተረሳ የትእዛዝ መስኮት። ዎርዱና ፒዲኤፉ ራሳቸው ይዘጉ፣ አንቲቫይረሱ እስኪጨርስ ይጠበቅ። ይህ ሁሉ ካልሠራ «ሎግ ኦፍ» ወይም «ሹት ዳውን» ያድርጉና ይንቀሉ። «ሃይበርኔት» (ማሽኑን የተከፈተውን ሥራ እንደያዘ ማስተኛት) ግን አይሆንም። ተኝቶ ከነበረ ማሽን ፍላሹን ነቅለው፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጽፈውበት መልሰው ቢሰኩት፣ ሲስተሙ ሲነቃ አሮጌውን ዝርዝር ይዞ አዲሱን ሊያበላሽ ይችላል።

አዶው ካልታየ ጠፍቶ አይደለም፤ ሰዓቱ አጠገብ ካለችው ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ሥር ነው። ከዚያ ጎትተው ወደ ውጭ ያውጡት። ዝርዝሩን ሳያነቡ አይጫኑ፤ በአንዳንድ ማሽን ላይ ውስጥ ያለው ሁለተኛ ሃርድ ዲስክም እዚያው ይዘረዘራል። ኤክስፒ ላይ የለመደ ሰው የፍላሹ መብራት እስኪጠፋ ይጠብቃል፤ ዊንዶውስ 7 ላይ ግን በብዙ ፍላሽ መብራቱ እንደበራ ይቀራል። የሚታመነው «ሴፍ ቱ ሪሙቭ» የሚለው መልእክት ነው። ኤክስተርናል ዲስክ ከመልእክቱ በኋላም ሊሽከረከር ስለሚችል ማሽኑን ዘግቶ መንቀል ይሻላል።

ኤክስፒን ለዚህ ሥራ አንመክርም። ድጋፉ የቆመው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው፤ ፎርማቱ ኤክስፋት የሆነ ፍላሽ ያለ ተጨማሪ ማሻሻያ አያነብም፤ ባለ32 ቢቱ ደግሞ ጂፒቲ በሚባለው አዲሱ ዘዴ የተከፋፈለ ትልቅ ዲስክ አይከፍትም። የግዕዝ ፊደል ፎንትም ከራሱ ጋር ስለሌለው፣ ፎንት ካልተጫነበት በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታያል። ያ ፋይል አልተበላሸም፤ ስሙን ሳይነኩ ዊንዶውስ 7 ላይ ቢሰኩት በትክክል ይነበባል።