ሲሊኮን ለምትገዙ ሁሉ፦ አባይ ማዶ ያሉትን ጋሼ እዩልኝ

የባሕር ዳር ሰዎች፣ በተለይ መኪናችሁን እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ የምትነካኩ፣ ይቺን አንብቡልኝ። አባይ ማዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ትንሽ ገባ ብሎ፣ መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላሉኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴ አሮጌ ኮሮላ ከሥር ዘይት ያንጠባጥብ ጀመር። ታናሽ ወንድሜ እጁ ለመኪና የተፈጠረ ነው። ፈታ፣ ጠረገ፣ ዘይት እንዳያሾልክ መጋጠሚያው ላይ የሚቀባውን ሲሊኮን ቀብቶ አሰረ። ሲነጋ ዘይቱ መሬት ላይ ነው። እንደገና ሲፈታው ሲሊኮኑ ግማሹ ጓጉሎ ይፈረፈራል፣ ግማሹ ጭራሽ ሳይደርቅ ጣት ላይ ይለጠፋል።

የሸጠልን ሰው ጋ ስንመለስ ይባስ ብሎ ተቆጣ። ወንድሜ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ሲያሳየው ምን ቢል ጥሩ ነው? «2022 ይላል እኮ! እኛ ገና 2017 ነን።» በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ጠፍቶት ነው ብላችሁ ነው? አንድ ጋራዥ ደግሞ ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያይ «ሞተሩ መውረድ አለበት» አለና የጠራው ብር መኪናዋን ብንሸጥም የሚሞላ አይመስለኝም። ስማቸውን አልጠራም። ራሳቸውን ያውቃሉ።

ጋሼ ጋ የገባነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከመደርደሪያ አንዷን የሲሊኮን ቱቦ አነሱ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የታጠፈውን ጫፍ ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አነበቡ። በአውራ ጣታቸው ከታች እስከ ላይ ዳበሷት። ከዚያ ባንኮኒው ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ ወረወሯት። ሁለተኛዋንም እንዲሁ። «ልጄ፣ እነዚህ አልፎባቸዋል፤ አልሸጥልሽም» አሉኝ። የሱቁን ልጅ ሌላ ቦታ ልከው አዲስ አስመጡልን፤ አንድ ብር አልጨመሩም። የገዛ ዕቃውን ጥሎ ገበያውን ለሌላ ሱቅ የሚሰጥ ነጋዴ አይታችኋል? እኔ አላየሁም።

ቆመው አስረዱን። የኬሚካሉ ነገር በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። የያዝኩት ይሄን ነው፦ ሲሊኮን የሚደርቀው አየር ላይ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው። ያልተከፈተና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ የተቀመጠ፣ እንደ ስሪቱ፣ ዓመት ተኩል፣ ግፋ ቢል ሁለት ዓመት ይቆያል። የተከፈተው ግን ክዳኑ ካልጠበቀ እዚያው ቱቦው ውስጥ መድረቅ ይጀምራል። የሱቅ መስታወት ሥር ፀሐይ ሲመታው የከረመውማ... የባሕር ዳርን ሚያዝያ ታውቁት የለ! ወንድሜንም «ዘይቱን አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ጥረግ፤ ቀብተህም 24 ሰዓት ሳይሞላ ሞተር እንዳታስነሳ» ብለው አስጠነቀቁት።

ይኸው እናቴን ለእህቷ ተዝካር ደብረ ታቦር አድርሰናት ተመለስን፤ አንዲት ጠብታ የለም። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ያቺን መኪና ከልጆቹ እኩል ነበር የሚያያት። እናቴ እንድትሸጥ አልፈቀደችም። ወረታ እስክንደርስ ጋሼን ስትመርቅ ነበር፣ መልካቸውን እንኳ ሳታውቅ።

እባካችሁ ሂዱላቸው። ለሲሊኮን ብቻ አይደለም፤ ፍሬንም ይሁን ፊልትሮ የማይሆናችሁን «አይሆንም» የሚል ሰው ነው የምታገኙት። ቦታው የጠፋበት በኢንቦክስ ይጠይቀኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ይዘጋሉ፤ ስልክም ብዙ አያነሱም፤ በአካል ሂዱ።