ቮልስ ያላችሁ፣ «ባትሪውን ወደ ፊት እናምጣው» የሚላችሁን ሰው አትስሙ

ሦስት ወር ሙሉ ተናድጄ ዝም ብዬ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጓደኛዬ የእኔን መኪና ያበላሸው ጋራዥ ቀብድ ሊከፍል መሆኑን ሲነግረኝ ግን ልጻፈው አልኩ። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ አሠራሩን ካወቃችሁ ሌላ ቦታ ቢገጥማችሁም ትለዩታላችሁ።

መኪናዋ ከአባቴ የወረስኳት፣ በፈረንጆች 1970 የተሠራች ቮልስ ናት። ባትሪዋ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንመለስ በዚያ በኩል የተቀመጡት አክስቴ (ወፈር ያሉ ናቸው) «ምንድነው የሚሸተኝ ልጄ?» አሉ። መቀመጫውን ባነሳው የብረት ሞላው የባትሪውን ራስ ነክቶ ሙሌቱ እየጨሰ ነው። የባትሪው መክደኛ ከጠፋ ስንት ዘመኑ!

ደንግጬ ጋራዥ ሄድኩ። ሰውዬው «ጋሼ፣ ሽቦው እንዳለ አርጅቷል። እንደ አዲስ እዘረጋልዎታለሁ፤ ባትሪውንም ከፊት ኮፈኑ ሥር አድርጌው ይገላገላሉ» አለኝ። በ28 ሺህ ብር ተስማማን፣ 15 ሺውን በእጁ ሰጠሁት።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ሰልባትዮዋ ከፊት መሆኑን ልጅ ሆኜ ቤንዚን ሳስቀዳ የማውቀው ነገር ነው። ባትሪው ወደ ፊት መጣ ማለት ከቤንዚን ጎን ተቀመጠ ማለት ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚተፋው ሃይድሮጅንም እዚያው ይታፈናል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ደግሞ ኋላ ስለቀረ የባትሪው ገመድ መኪናዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አለበት።

ቀሪውን ከፍዬ ወሰድኳት። በሳምንቷ፣ ብርድ በሆነ ጠዋት ቁልፍ ባዞር አቃስታ ቀረች። ጎረቤቴ ቴስተር ይዞ መጣ። ቁልፍ እያዞርኩ ሲለካ ባትሪው ላይ 11 ቮልት፣ ሞተሪኖው ላይ 8። ሦስቱ ቮልት መንገድ ላይ ቀረ! ግማሽ ቮልት እንኳ መጥፋት የለበትም።

ምንጣፉን አነሳን። ገመዱ ጣቴን የማያክል ቀጭን ነው፤ መሀል ላይ ሁለቱ ጫፎች በእጅ ተጠምዝዘው ናስትሮ ተጠቅልሎባቸዋል። ላሜራው ተበስቶ ያለ ጎማ ቀለበት ስላለፈ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ብቅ ብሏል። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ የሚባል ነገር የለም። ያ መዳብ ላሜራውን ቢነካ ምን ይሆን እንደነበር አስቡት፣ ሰልባትዮው እዚያው ጎኑ ነው።

መብራትና ፍሬቻው የተሠራው ደግሞ ለቤት በሚዘረጋ ሽቦ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም። ፋብሪካው ቡኒውን ለማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር ለሚታሰረው)፣ ቀዩን ቀጥታ ከባትሪ ለሚመጣው፣ ጥቁሩን ቁልፍ ሲከፈት ለሚሠራው ብሎ ለይቶታል። አሁን አንድ ፍሬቻ ቢበላሽ የቱን ሽቦ ተከትዬ ልፈልግ? የድሮውን ሽቦ መልስልኝ ስለው «ተጥሏል ጋሼ» አለኝ። መዳብ በኪሎ በሚሸጥበት ከተማ!

ስለዚህ ሽቦ የምታስቀይሩ ሰዎች፣ የድሮው ሽቦ እንደሚመለስላችሁ ቀብድ ሳትሰጡ ተነጋገሩ። ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ምንጣፉን አስነስታችሁ በዓይናችሁ እዩ፣ ቁልፍ እየዞረ በቴስተር አስለኩ። ባትሪውን ከቦታው አታስነሱት። የጎደለው መክደኛና ማሰሪያ ቀበቶ ብቻ ነው።

የእኔው ወደ መቀመጫው ሥር ተመልሶ፣ ላስቲክ መክደኛ ተደርጎለት በቀበቶ ታስሯል። አክስቴ ግን እስካሁን ከፊት ካልሆነ አልሳፈርም እንዳሉ ናቸው።