ለሜዳ የሚሆን ዊልቸር ላጣችሁ፦ አንድ በያጅ ልጠቁማችሁ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ አንድ በያጅ አሉ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ እኛ እንደምንጠራቸው «ጋሼ» ብቻ ልበላቸው። የሴቶች የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ቡድናችን ዛሬ አምስት ተጫዋች አሟልቶ ሜዳ የሚገባው በእሳቸው እጅ ነው። ምስጋናዬን በስልክ ብነግራቸው «ተይ እንጂ ልጄ» ብለው ወሬ ቀየሩብኝ፤ እዚህ ግን የሚያስቆመኝ የለም።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ሜዳችንም ቅርጫታችንም ቆመው ከሚጫወቱት ጋር አንድ ነው። ሜዳው 28 በ15 ሜትር፣ ቅርጫቱ 3.05 ሜትር ከፍታ ላይ። ልዩ የሚያደርገው ነጥቡ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ ጉዳቱ መጠን ከ1 እስከ 4.5 ነጥብ ይሰጠዋል (ጉዳቱ ሲከብድ ነጥቡ ያንሳል)፤ ሜዳ ላይ ያሉት የአምስቱ ድምር በዓለም አቀፉ ሕግ ከ14 መብለጥ የለበትም። ስለዚህ አሰልጣኝ ሰውነታቸው የጠነከሩትን ብቻ መርጦ ማሰለፍ አይችልም። ወገቧን ማዘዝ የማትችል ባለ 1 ነጥብ ተጫዋች ስትኖረው ግን ባለ ከፍተኛ ነጥቦቹን አሰልፎም ከ14 ሳያልፍ መቆየት ይቀለዋል። ይህን ሕግ ያወጣውን ሰው እግዜር ይስጠው እላለሁ፤ ልጅቷ የምትሰለፈው ታዝነላት ሳይሆን ተፈልጋ ነው።

ሕጉ የሚሠራው ግን የሚሆናት ወንበር ሲገኝ ነው። የእኛዎቹ በእርዳታ የመጡ፣ ለትልልቅ ወንዶች የተሠሩ ነበሩ። በዚያ ላይ ወንዶቹ ከመረጡ በኋላ የተረፈው ነው የሚደርሰን። (ይህን ስል የሚቆጡ ወንድሞች አሉ፤ ይቆጡ።) ባለ 1 ነጥቧ ጓደኛችን በግራና በቀኝ ፎጣ ተጠቅጥቆላት ነበር የምትጫወተው። ወንበሩ ሲዞር እሷ ወደ ጎን ትንሸራተታለች፤ ኳስ ለመቀበል ሁለት እጇን ስታነሳ ደግሞ ወደፊት ትደፋለች። አንድ ሌላ ጋራዥ ወስደነው፣ የተቀመጠችበትን እንኳ ሳያዩ ሁለት ላሜራ ገጥመው ገንዘባችንን ተቀበሉ። ላሜራው ጭኗን ላጠው።

ጋሼ ግን ምንም ብረት ከመንካታቸው በፊት «ስትጫወቱ ልይ» አሉ። እሑድ መጡ። ልጅቷን ግፊ፣ ቁሚ፣ ታጠፊ እያሉ አዩአት፤ ከዚያ ተንበርክከው በዳሌዋና በወንበሩ ጎን መካከል ሁለት ጣታቸውን አስገቡና «ከዚህ በላይ ክፍተት አያስፈልግም» ብለው ቱቦላሬው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። አግዳሚውን ቆርጠው ወንበሩን አጠበቡት። መደገፊያውን ከፍ፣ መቀመጫውን ከኋላ ዝቅ አድርገው ጉልበቷ ከዳሌዋ በላይ እንዲሆን አደረጉ፤ ወገብ ላይ ቀበቶ ጨመሩ። ጎማዎቹን ከታች ወደ ውጭ አዘነበሏቸው፤ አሁን ስትታጠፍ ወንበሩ እሺ ይላታል። ወደ ኋላ እንዳትገለበጥ ከኋላ ትንሽ ጎማ ገጠሙላት፤ ኩሽኔታዎቹንም በሙሉ ቀየሩ። የፊተኛው ብረት ከመሬት 11 ሳንቲ ሜትር መሆን እንዳለበት ስነግራቸው ሜትር ዘርግተው ሦስት ጊዜ ለኩ። የመጀመሪያውን ልምምድ ያለ ፎጣ ስትጨርስ አሰልጣኛችን እንኳ ዝም ብሎ ነው ያያት።

ሐቀኝነታቸውን ደግሞ ልንገራችሁ። አንዱ ወንበራችን አሉሚኒየም ነው፤ ተሰንጥቆ ወሰድንላቸው። «ይህ በአርጎን ነው የሚበየደው፣ እኔ ጋ የለም፣ ብነካው አበላሸዋለሁ» ብለው መሣሪያው ያለው ሰው ዘንድ ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። ለራሳቸው አንድ ብር አልያዙም። ሥራ ሲሆን ግን ዋጋቸውን አስቀድመው ይናገራሉ፤ በኋላ «ይህም አለ፣ ያም አለ» የሚባል ነገር የለም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር። የምንለማመድበት ቦታ በር ላይ ግን ደረጃ ነው፤ ከታክሲ ረዳት ጋር «ለወንበሩም ሒሳብ ክፈሉ» ተባብለን፣ ተሟግተን ደርሰን፣ በሩ ላይ ደግሞ ተሸካሚ ፍለጋ። ጋሼ ያንን እሑድ አይተውት ኖሯል። ከላሜራ የሚነሳና የሚጣል መወጣጫ ሠርተው፣ እንዳያንሸራትት ላዩ ላይ ቀጫጭን ብረት በይደው አመጡልን። ማንም አልጠየቃቸውም።

ማየት የተሳናት ሯጭ ያየሽ ጌቴ በፓሪስ 2024 ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ከጎኗ የሮጠው መሪዋም ሜዳሊያ ተሸልሟል፤ በፓራሊምፒክ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ለበያጅ ሜዳሊያ የሚሰጥ ውድድር ስለሌለ እኔ ደንበኛ ልላክላቸው።

የስፖርትም ሆነ የዘወትር ዊልቸር ያላችሁ፣ ልጃችሁ ያደገበትና ወንበሩ የጠበበው፣ ክለብ ያላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ቁጥራቸውን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ወንበሩን ብቻ አትላኩ፤ የሚቀመጥበት ሰው አብሮ ካልመጣ አይጀምሩም። ትራስ ካላችሁ ያዙ፣ ልኬቱ በትራሱ ስለሚለወጥ። ቅዳሜ ተራው ስለሚጨናነቅ በዊልቸር መግባት ፈተና ነው፤ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ከዋናው መንገድ ስትደውሉላቸው አንድ ልጅ ልከው ያስገቧችኋል።