የሞዴል ባቡር የድምፅ ዲኮደር፦ ሎክሳውንድ 5፣ ሱናሚ 2 ወይስ ዚሞ?

የድምፅ ዲኮደር ሲገዛ ከዋጋውም ከስሙም በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ድምፁ ካልተስማማን ራሳችን መቀየር እንችላለን? ደሴና ኮምቦልቻ ላለን ሰዎች ዕቃው የሚደርሰን በአብዛኛው በመንገደኛ ሻንጣ ነው። ሳይስማማን ሲቀር መልሶ መላክ ከዕቃው ዋጋ በላይ ያስወጣል። ሦስቱን ዲኮደሮች የምንመዝናቸው በዚህ ዓይን ነው።

ለጀማሪ ያህል፦ በዲሲሲ (ባቡሩ በዲጂታል ትእዛዝ በሚነዳበት) አሠራር ኤችኦ (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ሞዴል) ሐዲድ ላይ ሁልጊዜ ከ14 እስከ 16 ቮልት አካባቢ አለ። ሎኮሞቲቩ ውስጥ የተቀመጠው ዲኮደር ከሐዲዱ ትእዛዝ እያነበበ ሞተሩን፣ መብራቱንና ድምፁን ያዛል። ቅንብሩ ሲቪ በሚባሉ ቁጥሮች ይቀመጣል።

ለአካባቢያችን የትኛው ድምፅ ይሆናል? የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር በ25 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ እንዲሠራ የተገነባ፣ የሐዲዱ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር ነው። ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ይህ ተራው የኤችኦ ሐዲድ ነው። የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ግን 1 ሜትር ስለነበረ 12 ሚሊ ሜትሩን ኤችኦኤም ይፈልጋል። የኮምቦልቻውን መስመር ለሚሠራ ሰው የናፍጣ ሞተር ጩኸት አይረባውም። የሚያስፈልገው የትራንስፎርመር እምምታ፣ የማቀዝቀዣ ፋን፣ የአየር ኮምፕረሰርና ፓንቶግራፉ (ጣራው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መቀበያ ክንድ) ወጥቶ ሽቦውን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ነው።

በዚህ ሚዛን የጀርመኑ የኢሱ ሎክሳውንድ 5 ይቀድማል። ባለ 16 ቢት ድምፅ ነው፤ 10 ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያጫውታል፤ ሞተር እስከ 1.5 አምፔር ይችላል። ትልቁ ብልጫው ድምፁ መቀየሩ ነው። ኢሱ በድረ ገጹ የሚያስቀምጣቸውን በርካታ የአውሮፓ ሎኮሞቲቮች ድምፆች በነፃ አውርዶ በሎክፕሮግራመር (ከኮምፒውተር ጋር በሚያያዝ የኢሱ መጫኛ) መጫን ይቻላል። ዛሬ የናፍጣ የነበረው ነገ የኤሌክትሪክ ይሆናል። ችግሩ ሎክፕሮግራመሩ ራሱ ከአንድ ዲኮደር የሚበልጥ ዋጋ ማውጣቱ ነው። ለብቻ መግዛት አይመከርም፤ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች እንደ ዕቁብ ተዋጥተው አንዱን በየተራ ቢጠቀሙበት ይሻላል። ድምፅ የሚጫነው አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

ያገለገለ ሎክሳውንድ የሚገዛ ሰው ግን ትውልዱን ሳያይ ስፒከር እንዳይቀጥል። አሮጌው ሎክሳውንድ 3.5 የተሠራው ለ100 ኦም ስፒከር ነው፤ 8 ኦም ከተሰጠው የድምፅ ክፍሉ ይቃጠላል። 5ኛው ትውልድ ከ4 ኦም ጀምሮ ይቀበላል።

የአሜሪካው ሳውንድትራክስ ሱናሚ 2 ኮምፒውተርም መጫኛም ለሌለው ሰው ይመቻል። ድምፆቹ ከፋብሪካ ተጭነው ይመጣሉ፤ ጥሩንባውንም ሞተሩንም ከመቆጣጠሪያው በሲቪ መምረጥ ነው። ውስጡ ያለው ባለ 7 ባንድ ኢኳላይዘር ለትንሽ ስፒከር ትልቅ ዋጋ አለው፤ ስፒከሩ የማይችለውን ወፍራም ድምፅ ቀንሶ ጥራቱን ማዳን ይቻላል። ቲኤስዩ-1100 የሚባለው ሞዴሉ ለ1 አምፔር፣ ቲኤስዩ-2200 ለ2 አምፔር ነው። ስፒከሩ 8 ኦም ይሁን። ጉድለቱ ለእኛ ከባድ ነው፦ ድምፆቹ የአሜሪካ ናቸው፤ ሌላ መጫንም አይቻልም።

የቪየናው ዚሞ ኤምኤስ በዝግታ ሲነዳ የሞተር ቁጥጥሩ ያስደስታል፤ ጠባብ ቦታ የሚገባ ሞዴልም አለው። ድምፁ ይቀየራል፤ ግን ለዚያ የዚሞ የራሱ መጫኛ ያስፈልጋል። ደሴ ላይ ሎክፕሮግራመር ያለው ሰው ከተገኘ ዚሞ ለመግዛት ምክንያቱ ያንሳል።

ከማዘዛችሁ በፊት የሎኮሞቲቩን ክዳን በካቻቪቴ ፈታችሁ ሶኬቱን እዩ። 8 ፒን፣ 21 ፒን፣ ፕለክስ 22 ወይም ኔክስት 18 ሊሆን ይችላል፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። 21 ፒኑ ላይ 11ኛው ቀዳዳ የተደፈነ ስለሆነ ተገልብጦ አይገባም፤ 8 ፒኑ ግን ተገልብጦ ስለሚገባ 1 ቁጥሩ የት እንደሆነ አይታችሁ ግጠሙ። ብርቱካናማው ሽቦ ወደ 1 ቁጥር ነው የሚሄደው። ሞተሩንም ለኩ፦ 12 ቮልት ሰጥታችሁ፣ ቴስተሩን በ10 አምፔር ማስተካከያ በመሃል አስገብታችሁ፣ ጎማውን ለአንድ ሰከንድ ያህል ያዙት። የሚነበበው ቁጥር ከዲኮደሩ አቅም ማነስ አለበት።

አሁን ወደ ስፒከሩ። ብዙ ሰው ለዲኮደር ከፍሎ ስፒከር ላይ ይቆጥባል፤ ከዚያ «ዲኮደሩ ድምፅ የለውም» ይላል። ደሴ ፒያሳ ያሉ የሞባይል ጥገና ቤቶች ከስልክ የሚወጣ ትንሽ ስፒከር አላቸው፤ 11 በ15 ሚሊ ሜትር የሆነው ኤችኦ ሎኮሞቲቭ ውስጥ በደንብ ይገባል። በቴስተር ለኩት፤ 8 ኦሙ ከ7 እስከ 8 ያህል ያሳያል። ስልኩ ውስጥ እያለ ሳጥኑ ስልኩ ራሱ ነበር፤ ሲወጣ ሳጥን የለውም። ራቁቱን ስታስጮኹት ከፊት የሚወጣው ሞገድ ከኋላ የሚወጣውን ያጠፋዋል፣ ድምፁም እንደ ትንኝ ይቀጥናል። ከ1 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ትንሽ ሳጥን ቆርጣችሁ ጀርባውን ዝጉበት፤ መገጣጠሚያውንና ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳ በሙጫ ድፈኑ። በመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ እንኳ ወፍራሙን ድምፅ ታፈሰዋለች። ሳጥኑ ላይ ጣታችሁን አድርጋችሁ አስጩኹ፤ ግድግዳው ከተንቀጠቀጠ ፕላስቲኩ ስስ ነው፣ ሌላ ንጣፍ ለጥፉበት። ሁለት 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ይህ ለሎክሳውንድ 5 ደህና ነው፣ ሱናሚ ላይ አታድርጉት።

ሽቦው ላይ ዲኮደር የሚገድለው ዋናው ስህተት ይህ ነው፦ ሞተሩ ከሻሲው ጋር መነካካቱ። ከማያያዛችሁ በፊት ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጠው ማስተካከያ አድርጋችሁ ሁለቱንም የሞተር ጫፎች ከሻሲውና ከጎማዎቹ ጋር ሞክሩ፤ አንድም ቦታ መጮኽ የለበትም። ቀዩና ጥቁሩ ወደ ሐዲድ፣ ብርቱካናማውና ግራጫው ወደ ሞተር ነው። ዲኮደሩን በናስትሮ አትጠቅልሉት፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ሙጫውም ቀልጦ ቦርዱ ላይ ይቀራል። ከታች ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ይበቃዋል።

መጀመሪያ ስትሞክሩ በቀጥታ ዋናው ሐዲድ ላይ አታስቀምጡት። ጅረቱ አነስተኛ በሆነው የፕሮግራም ሐዲድ ላይ ሲቪ 8ን አንብቡ፦ 151 ካለ ኢሱ፣ 145 ካለ ዚሞ፣ 141 ካለ ሳውንድትራክስ ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥላችሁ ሰው የሚለውን ለማረጋገጥም ይህ ጥሩ መንገድ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ ዲኮደር አድራሻው (መቆጣጠሪያው የሚጠራበት ቁጥር) 3 ነው። ድምፁን ወዲያው ቀንሱ፤ የስልክ ስፒከር ሙሉ ኃይሉን አይችልም። ሎክሳውንድ ላይ ሲቪ 63ን ወደ 90 አውርዳችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ሱናሚ ላይ ሲቪ 128፣ ዚሞ ላይ ሲቪ 266 ነው። ሎክሳውንዱ ዋና ሐዲድ ላይ ሲወጣ ሲቪ 54 ላይ 0 ጽፋችሁ መቆጣጠሪያው ላይ ኤፍ 1 የሚለውን ቁልፍ ጫኑ። ሎኮሞቲቩ በአንዴ ስለሚፈተለክ ፊቱ ባዶ ሐዲድ ይኑረው፤ በዚያች ሩጫ ሞተሩን ለክቶ ራሱን ያስተካክላል።

የኮምቦልቻ የበጋ አቧራ ሐዲድ ላይ ሲተኛ ኃይሉ ለቅጽበት ይቋረጥና ድምፁ ከመጀመሪያው ይነሳል። ሐዲዱንና ጎማውን በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጥረጉ። ካልበቃ ኢሱ ፓወርፓክ፣ ሳውንድትራክስ ከረንትኪፐር የሚሉትን የኃይል ማቆያ ጨምሩ፤ ግን ሲቪ ለማንበብ ሊያስቸግር ስለሚችል ቅንብሩን ጨርሳችሁ ነው የሚገጠመው። መብራት ሲሄድ ደግሞ የመቆጣጠሪያውን አዳፕተር ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

ለመንገደኛው የሚሰጠው ወረቀት ላይ «ሎክሳውንድ» ብቻ መጻፍ አይበቃም። ትውልዱ 5 መሆኑን፣ የሶኬቱን ዓይነት፣ ዲሲሲ ብቻ ወይስ ሌላም ቋንቋ የሚያነብ መሆኑን፣ ባዶ ወይስ ድምፅ የተጫነበት እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ። ሎክፕሮግራመር በእጃችሁ ከሌለ ባዶውን አታዝዙ። ስፒከር እንዲያመጣ አታስቸግሩት፤ ፒያሳ አለ።