ካሜራ በምሰሶ ወይስ ድሮን በሰማይ? ለባሕር ዳር መንገድ የቱ ይሻላል?

ባጃጁ፣ ብስክሌቱና እግረኛው በሚጋፉባት ባሕር ዳር ጥፋተኛን በቴክኖሎጂ እንያዝ ከተባለ፣ ሁለት አማራጭ አለ።

ወጪ፦ ቋሚ ካሜራ ምሰሶ፣ መብራትና መስመር ይፈልጋል። ድሮን አብራሪና ትርፍ ባትሪ ይበላል። ትንሹ በአንድ ቻርጅ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢበር ነው።

ሥራ፦ ካሜራው ቀን ከሌት ፍጥነት ይለካል፣ ታርጋ ያነባል። ታርጋው ጭቃ ከለበሰ ግን አለቀ። ድሮን 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ከላይ በአንድ ጊዜ ያያል። የጣና ነፋስ ሲነሳ ይቸገራል።

ስጋት፦ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በጦርነት ጊዜ ድሮን ማለት ለብዙ ሰው ቦምብ ነው። ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ "ትራፊክ ነው" ብሎ የሚረጋጋ ማን ነው? እኔ አልረጋጋም። የሳተላይት ምልክት ከታወከ ደግሞ ድሮኑ አቅጣጫውን ሊስት ይችላል። ካሜራውም ቢሆን ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት እንዳየነው፣ መረጃውን በወቅቱ ላይልክ ይችላል። ምስሉ ማን እጅ እንደሚገባም መጠየቅ አለበት።

ለትልልቅ መስቀለኛ መንገዶች ካሜራ። ድሮን ለአደጋ ቦታ ቀረጻ፣ ያውም ሰላም ሲሆን። ጠባቡ ሰፈር ውስጥስ? ፊሽካ የያዘ ትራፊክ ይበቃል።