የጀበና ማቶት የመሰለው ትራንስፎርመር፤ ከስምንት ወር በኋላ

ጥር ላይ ያሠራሁት የድምፅ ማጉያ ፓወር ሰፕላይ (ኃይል ሰጪው ክፍል) ክረምቱን ተሻግሮ መስከረም ገባ። የጅማን ክረምት ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መብረቁ አለ፣ እርጥበቱ አለ፣ በአንድ ምሽት አራት ጊዜ ድርግም ብሎ የሚመለሰው መብራት አለ። ከዚህ በፊት ብናገር ችኮላ ይሆንብኝ ነበር።

ማጉያዬ በኤልኤም 3886 ቺፕ የተሠራ ስቴሪዮ ነው። ቀድሞ የሚነዳው በርካሽ ስዊቺንግ ሰፕላይ (እንደ ስልክ ቻርጀር ኃይሉን በፍጥነት እየቆራረጠ በሚሰጥ) ነበር። ቤቴ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) ስለሌለው የማጉያውን ቆርቆሮ ሳጥን በነካሁ ቁጥር ይነዝረኝ ነበር፤ ለካ የስዊቺንጉን ረብሻ ለማፈን የተገቡት ትንንሽ ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ትንሽ ከረንት ወደ ሻሲው፣ ወደዚያው ቆርቆሮ፣ ያሳልፋሉ። ይሄን እንኳ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ፉጨቱን ነው። የጅማው ልጅ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎኑን መትቶ ሲተወው፣ ድምፁ እየሳሳ ከጠፋ በኋላ አንዲት ስስ ፉጨት ትቀራለች።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቴሌቪዥን ለሚጠግን ልጅ ነገርኩት። ከአዲስ አበባ የጀበና ማቶት የመሰለ ክብ ትራንስፎርመር አስመጣን፤ ጉልበቱ 300 ቪኤ፣ መውጫው ሁለት ጊዜ 24 ቮልት። ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይር ባለ 35 አምፒር ብሪጅ፣ በየመስመሩ (በፖዘቲቩም በኔጋቲቩም) ሁለት ሁለት 10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። እኔ 28 ቮልቱ ይሁን፣ ጉልበት ይኑረው ብዬ ነበር።

«ጋሼ፣ ሌሊት ሶኬትዎን ለክተው ያውቃሉ?» አለኝና ቴስተሩን አዋሰኝ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት 245 ቮልት አነበብኩ። ካፓሲተሮቹ የሞገዱን ጫፍ ስለሚይዙ፣ በ24ቱ ይህ በየመስመሩ 39 ገደማ ዲሲ ይሆናል። ቺፑ በድምሩ የሚችለው 84፣ ማለትም 42 በ42 ነው። የኔ 28 ቢገጠም ኖሮ 45 ይደርስ ነበር። አፌን ይዤ ቀረሁ።

መጀመሪያ ቀን «ዝዝዝ» ይል ነበር። ልጁ ጆሮውን አስጠግቶ 100 ኸርዝ ነው አለ፤ ብሪጁ የሞገዱን ሁለቱንም ግማሽ ስለሚያሳልፍ 50ው እጥፍ ይሆናል። የስፒከሩ ግራውንድ (የመመለሻው ሽቦ) የታሰረው በብሪጁና በካፓሲተሮቹ መካከል፣ ከረንቱ በሚንጥበት ሽቦ ላይ ነበር። ከካፓሲተሮቹ ወዲያ አዛወረው፣ ዝም አለ። እስካሁንም ዝም እንዳለ ነው።

ሚያዝያ ላይ ግን ገደል አፋፍ አድርሼው ነበር፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። አቧራ ላራግፍ ከፍቼ የትራንስፎርመሩን የመሃል ቡሎን በረዘመ ቀየርኩት። ክዳኑን ስገጥም የቡሎኑ ጫፍ ላሜራውን ነካ። ቡሎኑ፣ ክዳኑ፣ ጎኑና ወለሉ ተያይዘው በኮሩ (ሽቦው በተጠመጠመበት ብረት) ዙሪያ አንድ የተዘጋ ጥቅል ሆኑ፤ ሾርት ማለት ነው። ማብሪያውን ስጫን ግም አለና ፊውዙ ሄደ። ትራንስፎርመሩ ተርፏል። የእንጨት ሳጥን የምታሠሩ ሰዎች፣ ዋንዛው ያምራል፣ ግን ውስጡን በላሜራ ስታለብሱ ይህን ቡሎን አስቡት።

የማልወደውም አለ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ፣ ሶኬቱ 180 ይወርዳል፤ የኔም መስመር በደህናው ጊዜ ከሚሰጠው 35 ቮልት ዲሲ ወደ 28 ይወርዳል። ድምፁን ከፍ ካደረግሁት ባሱ ይሰነጠቃል። ያ የናቅሁት ስዊቺንግ በዚህ ሰዓት ቅንጣት አይነቃነቅም ነበር። ክብደቱም የዋዛ አይደለም፣ ወጪውም ከማጉያው በልጧል።

መነሻ ላይ ብሬከር ይጥል ስለነበር የመነሻውን ከረንት የሚገታ ሬዚስተርና ከአፍታ በኋላ ሬዚስተሩን የሚያልፍ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ተጨምሮለታል። ኤንቲሲ (ሲቀዘቅዝ የሚያግድ፣ ሲግል የሚለቅ ሬዚስተር) ብቻውን ለኛ አይሆንም፤ ትኩስ እያለ መብራቱ ድርግም ብሎ ሲመለስ አያግድም።

ሙዚቃውን የምከፍተው ከስልክ ነው። መብራት ሲሄድ ካፓሲተሮቹ እስኪራገፉ ጥቂት ሴኮንድ ይዘፍናል። ልጆቹ ጨለማው ውስጥ እየቆጠሩ «አምስት!» ይላሉ።